ለገሃር፤ ባሕር የሌላት ከተማ ወደብ

አዲስ አበባ ውስጥ አፋችን እንደ አማርኛ የለመዳቸው ሁለት የውጭ ስሞች አሉ። አንዱ ከላይ ነው፣ ሌላው ከታች። የላዩ ፒያሳ ነው፤ ጣሊያንኛ ነው፣ አደባባይ ማለት። የታቹ ለገሃር ነው፤ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ፣ ባቡር ጣቢያ ማለት። በሁለቱ መካከል ቁልቁል የተዘረጋው ጎዳና ደግሞ ቸርችል ነው፤ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም። እንግዲህ አንድ የአራዳ ልጅ ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ በእግሩ ቁልቁል ቢወርድ ጣሊያንን፣ እንግሊዝንና ፈረንሳይን በግማሽ ሰዓት ግድም ያዳርሳቸዋል። ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን እነዚሁ ሦስት መንግሥታት በ1899 ዓ.ም. ምኒልክን ሳያማክሩ ኢትዮጵያን በወረቀት ላይ በጥቅም ክልል ሲከፋፈሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጧቸው ትልልቅ ጉዳዮች አንዱ ይኸው ለገሃር ላይ የሚያበቃው ባቡር ነበር።

ስለ ፒያሳ ያልተጻፈ ነገር የለም። ኬክ ቤቱ፣ ወርቅ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ የአራዳ ልጅ አነጋገሩ... ማን ያልነካው አለ? ለገሃር ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። ለአብዛኞቻችን ለገሃር ማለት ታክሲ መያዣ ነው። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲጠራው የምንሰማው፣ ወርደን የምንሻገረው፣ ተሻግረን የምንረሳው ሰፈር። ከወዲያ ያለውን አሮጌ ሕንጻ ቀና ብሎ ያየው ስንቱ ነው?

የዚህ ጽሑፍ ሙግት አጭር ነው። ፒያሳን ፒያሳ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ከታች፣ ከለገሃር፣ የወጣው ዕቃና ሰው ነው። ለገሃርም ተራ ጣቢያ አልነበረም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ወደብ ነበር። መርከብ ጅቡቲ ላይ ያራገፈው ዕቃ ወደ ዋና ከተማዋ የሚገባው በዚህ በር ነበርና። ለገሃርን እንደ ወደብ ካየነው፣ ዛሬ በፒያሳም በለገሃርም ላይ እየሆነ ያለው ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ከሐዲዱ በፊት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከባሕር ጋር የሚያገናኟት ግመልና በቅሎ ብቻ ነበሩ። ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ጠመንጃና ጥይት ወደ ላይ ይወጣል። ከሸዋ የተነሳ ነጋዴ በሐረር በኩል ዘይላ ወይም ጅቡቲ ለመድረስ ሳምንታት ይቆጥር ነበር። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው የአራዳ ገበያም የሚያየው የውጭ ዕቃ እንስሳ ጀርባ ላይ ሊጫን የሚችለውን ያህል ነው። ትልቅ ማሽን፣ ረጅም ብረት፣ ከባድ መስታወት የሚባል ነገር ሲመጣ ጉድ ይፈላ ነበር። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በሕዝብ አፍ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ያ መኪና መንገድ መዳመጫ ነበር፤ ሐዲድ የለውም። ሕዝቡ ግን ባቡር አለው። በእንፋሎት የሚሠራ ሁሉ ያኔ ባቡር ነበር፤ የእህል ወፍጮውም ቢሆን።

ምኒልክ ግን እውነተኛውን ባቡር ይፈልጉ ነበር። ከ1870ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አብሯቸው የነበረው የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነገሩን ደጋግሞ አንስቶላቸዋል። በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ከጎኑም ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሸፍኔ ነበር። የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት። ዕቅዱ በሦስት የተከፈለ ነው፤ መጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እንጦጦ፣ በመጨረሻም ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ልብ በሉ፤ ይህ ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በፊት ነው። ጣሊያን ከሰሜን እየመጣ ባለበት ሰዓት ንጉሡ ስለ ነጭ ዓባይ ሐዲድ ይነጋገራሉ።

ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ጅቡቲ ያኔ ከተማ ናት ለማለት ያስቸግር ነበር። ፈረንሳዮች የሰፈሩባት ከአሥር ዓመት ያልዘለለ ጊዜ በፊት ነው። ያቺን የባሕር ዳር መንደር ከተማ ያደረጓት ወደቡና ሐዲዱ ናቸው። አንዱ ሲያድግ ሌላው ይደኸያል እንዲሉ፣ በእንግሊዝ እጅ የነበረችው የዘይላ ወደብ ገበያዋ እየቀነሰ ሄደ።

ሐዲዱ በሙቀትና በውኃ እጦት መሀል እየተጎተተ ወጣ። ሐዲዱ በሚያልፍባቸው አገሮች ከአፋርና ከኢሳ አርብቶ አደሮች ጋር ደም የፈሰሰባቸው ግጭቶች ነበሩ። ከዚያ ደግሞ ተራራ መጣ። ሐረር ለመግባት የሚያስፈልገው አቀበት ከኩባንያው ኪስ በላይ ሆነ። ስለዚህ የጥንቷ ሐረር ተዘለለችና ሐዲዱ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ በ1895 ዓ.ም. ቆመ። እዚያ ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፣ በኋላ ድሬዳዋ። ከዚራ ሄዳችሁ ቀጥ ያሉ መንገዶቹን፣ የዛፉን ጥላ ካያችሁ፣ የፈረንሳይ መሐንዲሶች ማስመሪያ ይታያችኋል። አንድ የባቡር ውሳኔ አንዲት ከተማ ይዘላል፣ ሌላ ከተማ ይወልዳል።

ቁልፉ ማን እጅ ነው?

ድሬዳዋ ላይ ሐዲዱ ለዓመታት ተገተረ። ምክንያቱ ተራራ አይደለም፤ ገንዘብና ፖለቲካ ነው። ኩባንያው ገንዘብ ሲያልቅበት በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ስምምነት ፈረመ። ፈረንሳይ ገንዘብ ትሰጣለች፤ በምትኩ በባቡሩ ላይ እጇን ታስገባለች። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። እሳቸው ፈቃድ የሰጡት ለግል ኩባንያ እንጂ ለፈረንሳይ መንግሥት አይደለም። እንግሊዝም ጣሊያንም በየፊናቸው ጮኹ። ከላይ ያነሳሁት የ1899ኙ የሦስትዮሽ ውል የዚህ ጭቅጭቅ ውጤት ነው። በዚያው ጊዜ ግድም ኩባንያው ከሰረ።

የተበላሸውን የሚያቃና ሰው ከወዴት ይምጣ? የመጣው ከጓዴሎፕ ነው። የምኒልክ ሐኪም የነበሩት ጥቁሩ ዶክተር ጆሴፍ ቪታሊየን በአዲሱ ድርድር መሀል ገቡ፤ አዲሱ ፈቃድም በስማቸው ወጣ። የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተመሠረተና ሐዲዱ ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽም ወደ ሸዋ መጓዝ ጀመረ።

ምኒልክ ግን አላዩትም። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ባቡሩ አዲስ አበባ አልደረሰም። የደረሰው በ1909 ነው። 1909 ዓ.ም. ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ አስቡት፤ መስከረም ላይ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፣ ጥቅምት ላይ የሰገሌ ጦርነት ሆነ፣ የካቲት ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ትነዳለች። 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር፤ ከፈቃዱ እስከ ፍጻሜው 23 ዓመት። ሰው ተወልዶ፣ አድጎ፣ ትዳር ይይዝበታል።

ለምን ከታች?

አንዳንዱ ሰው ጣቢያው ለምን ገበያው ካለበት ከአራዳ እንዲህ እንደራቀ ይጠይቃል። ከተማዋን በእግሩ የሚያውቅ ሰው መልሱን ጉልበቱ ይነግረዋል። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ጀምራ ወደ ደቡብ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። ባቡር ደግሞ አቀበት አይወድም። በአቃቂ ሜዳ በኩል የመጣ ሐዲድ ዳገቱ ከመበርታቱ በፊት መቆም ነበረበት። ዕቃው ከዚያ በኋላ በበቅሎና በጋሪ፣ በሸክምም፣ በኋላ በመኪና ወደ ላይ ይወጣል። ከተማዋ ሁለት ጫፍ ያገኘችው በዚህ ነው፤ ከታች የሚራገፍበት፣ ከላይ የሚሸጥበት።

ሐዲዱ ይዞት የመጣውን ነገር ለማየት ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያ፣ ማየት ነው። የሣር ክዳን ለቆርቆሮ እጁን የሰጠበት ፍጥነት ያለ ባቡር አይታሰብም። ቆርቆሮ በግመል ይመጣል ብላችሁ አስቡት! ሲሚንቶ፣ የመስኮት መስታወት፣ ላምባ፣ የማተሚያ ማሽን፣ የመኪና መለዋወጫ... ይህ ሁሉ የሐዲድ ዕቃ ነው። ዕቃውን ተከትሎ ሰው መጣ። አርመኑና ግሪኩ፣ ሕንዱና የመኑ ከባቡሩ በፊትም በአራዳ ነበሩ፤ ሐዲዱ ግን ቁጥራቸውንም ሱቃቸውንም አበዛው። የአራዳ ሱቅ የውጭ ዕቃ የሚታይበት መስኮት ሆነ። «አራዳ» የሚለው ቃል ከሰፈር ስምነት አልፎ የነቃ፣ ያየ፣ የገባው ሰው መጠሪያ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም። አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነበራ።

ቃላትም በባቡር መጡ። «ፉርጎ» ፈረንሳይኛ ነው። የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ስለነበር፣ በለገሃርና በድሬዳዋ ፈረንሳይኛ ማወቅ እንጀራ ነበር። ትምህርት ቤት በወጉ ያልገባ የባቡር ሠራተኛ ፈረንሳይኛን ከሥራ ቦታው ይለቅም ነበር።

ጉዞው ግን የዛሬ ሰው እንደሚያስበው ፈጣን አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። በግመል ሳምንታት ለለመደ ሰው ሦስት ቀን ተአምር ነው።

ሁለት ሐውልት፣ አንድ ዕጣ

ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንጻ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1923፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ተጫነ። ጣቢያው ለዚህ የደረሰ ይመስል ነበር። ከእንግሊዝ የንጉሡ ልጅ የግሎስተሩ መስፍን፣ ከሌሎች አገሮችም መልእክተኞችና ጋዜጠኞች ከጅቡቲ በባቡር ወጡ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎም ከመጡት አንዱ ነበር። ኢትዮጵያ ለዓለም ፊቷን ያሳየችው በመጀመሪያ ለገሃር ላይ ነው። እንግዳው ከባቡር ሲወርድ የሚያየው የመጀመሪያው አዲስ አበባ ይህ ግቢ ነበር።

በዚያ ሰሞን በሁለቱ የከተማዋ ጫፎች ሁለት ሐውልቶች ቆሙ። ላይ፣ በጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ ምኒልክ በፈረስ። ታች፣ በጣቢያው ፊት ለፊት፣ ፈረንሳዊው ቀራጺ ጆርጅ ጋርዴ የሠራው ወርቃማው የይሁዳ አንበሳ። (ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ሌላ ነው፤ እሱ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፣ ከ25ኛው የንግሥ በዓል ጋር የመጣ። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።)

ከዚያ ጨለማው መጣ። በ1927 ዓ.ም. ፈረንሳይና ጣሊያን ሲስማሙ፣ ፈረንሳይ ለሙሶሊኒ ከሰጠቻቸው ነገሮች አንዱ ከዚሁ ምድር ባቡር አክሲዮን የተወሰነ ድርሻ ነበር። ለኢትዮጵያ የሚመጣ መሣሪያም በጅቡቲ በኩል እንደልብ እንዳያልፍ ተደረገ። እንግዲህ ምኒልክ በ1894 የተቆጡት ለምን እንደሆነ ገባችሁ? በሩ የኛ ነው፣ ቁልፉ ግን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። ዛሬ የባሕር በር ወሬ በየካፌው በሚሞቅበት ጊዜ ይህን የሚያነሳ ሰው ብዙም አይገጥመኝም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተሰባቸው በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት። ከላይ፣ አራዳ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። ከተማዋ ባለቤት አጣች። ሚያዝያ 27 የጣሊያን ጦር ገባ። በሦስት ቀን ውስጥ ታች በሩ ባለቤቱን ሸኘ፣ ላይ ገበያው ነደደ።

ጣሊያኖች ሁለቱንም ሐውልቶች ነቀሉ። የምኒልክን ሐውልት ከአደባባዩ አንስተው ቀበሩት። አንበሳውን ሮም ወስደው ለዶጋሊ ሟቾች መታሰቢያ ከቆመው ሐውልት ሥር አስቀመጡት። ቦታው የት መሰላችሁ? የሮም ትልቁ ባቡር ጣቢያ፣ ተርሚኒ፣ አጠገብ። ከባቡር ጣቢያ ደጅ ተነቅሎ ባቡር ጣቢያ ደጅ ተተከለ! በሰኔ 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የሚባል ወጣት ኤርትራዊ ሮም ውስጥ ይህንን አንበሳ አየ። ተንበረከከ፣ ጸለየ፤ ከዚያ ጎራዴውን መዘዘ። ተይዞ ሕይወቱ በጣሊያን አገር አለፈ። የዘርዓይን ስም የምናውቅ ብዙዎች ነን፤ ያየው አንበሳ የለገሃሩ አንበሳ መሆኑን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። የምኒልክ ሐውልት ከነጻነት በኋላ ከተቀበረበት ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። አንበሳው ግን ረጅም ዓመት ጠብቆ ነው ወደ ለገሃር የተመለሰው።

«ፒያሳ» የሚለው ስም የቀረልን ከዚያ ዘመን ነው። ወራሪው ሌላም ነገር አደረገ፤ የአራዳን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው፣ አዛወረ። ከአሰብ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚመጣ የመኪና መንገድም አወጣ፤ በፈረንሳይ እጅ ባለ ወደብና ባቡር ላይ መንጠልጠል አልፈለገምና። ይህ የመጨረሻው ነገር ያኔ ትንሽ ይመስል ነበር። ለባቡሩ ግን የመጀመሪያው ቁስል ነበር።

እንዴት ቀስ በቀስ ሞተ?

በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትዋሐድ አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ ሆነ። ከዚያ በኋላ የጭነት መኪናው የባቡሩ ተፎካካሪ ነው። መኪናው ዕቃውን ከወደብ አንስቶ መጋዘን በር ላይ ያደርሳል፤ ባቡሩ ግን ለገሃር ላይ ይጥለዋል። በ1952 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ አገኘች፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም አዲስ አበባ ሆነ። ቁልፉ በግማሽ ወደ ኪሳችን ገባ ማለት ነው።

በ1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነጻ ወጣች። በዚያው ክረምት የሶማሊያ ጦርነት ፈነዳ፣ ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ለወራት ተቋረጠ። በኋላም ባቡሩ የሁለቱ አገሮች የጋራ ንብረት፣ የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር፣ ሆነ። በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ የመንገደኛ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች እጅግ የከፋው ከሚባሉት አንዱ ነው። በረሃቡ ዘመን መሀል ስለሆነ ይሆናል፣ ዛሬ እምብዛም አይነሳም።

በዚህ ሁሉ መሀል ባቡሩ የድሃ ባቡር ሆኖ ቀጠለ። ከድሬዳዋ ሰልባጅ ጨርቅ፣ ሬዲዮ፣ ሳሙና የሚያመጡ ሴቶች ነበሩ፤ ዕቃቸውን በቀሚሳቸው ሥርና በወንበር ሥር ደብቀው ከፈታሽ ጋር ድብብቆሽ የሚጫወቱ። ሕግ ኮንትሮባንድ ይለዋል። በዚያ ገንዘብ ልጅ አሳድገዋል፣ አስተምረዋል። የለገሃር ታሪክ ውስጥ ነገሥታትና ኩባንያዎች ስማቸው በየመጽሐፉ አለ፤ የእነዚህ ሴቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም።

አሁን ትልቁን ምጸት ስሙ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ለኢትዮጵያ ተዘጋ። ንግዱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ ዕድሉ ሊመለስለት ነው ትላላችሁ። አልተመለሰም። ሐዲዱ አርጅቷል፣ ድልድዩ ደክሟል፣ ሞተሩ መለዋወጫ የለውም። አገሪቱ ባቡሯን እጅግ በፈለገችበት ሰዓት ባቡሩ መቆም አቅቶት ነበር። ጭነቱን መኪናው ወሰደው። ለገሃር ደርሶ የሚመለሰው ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ። የመጨረሻው ቀን ሰልፍና መዝሙር አልነበረውም፤ ዛሬ ቀረ፣ ነገ ቀረ፣ ከዚያ ቀረ።

ሞት የማይቀር ነበር ለሚሉኝ የምጽዋን ባቡር አነሳለሁ። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው፣ በ1904 ዓ.ም. ግድም አስመራ የገባው ሐዲድ በጦርነት ተነቃቅሎ፣ ብረቱ ምሽግ መሥሪያ ሆኖ ነበር። ከኤርትራ ነጻነት በኋላ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ሠራተኞች ተጠርተው፣ በእጃቸው እውቀት መልሰው ዘረጉት። ብዙ ጭነት አልጎተተም፤ ነገር ግን የሽማግሌዎቹ እውቀት አብሯቸው አልተቀበረም።

ሕንጻው ይኖራል፤ ታሪኩስ?

አዲሱ ባቡር መጣ። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው የኤሌክትሪክ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ነው። ሐዲዱ ሰፊ ነው፣ ጉዞው ፈጣን ነው፣ ለአገሪቱም ያስፈልጋታል። የመንገደኛ ጣቢያው ግን ፉሪ-ለቡ ነው፤ ከከተማዋ ዳር። ከተማዋ ወደ ባሕር የምትወጣበትን በር ከመሀሏ አውጥታ ከዳር አደረገች። አሮጌው ለገሃርም የቀረለት የከተማው ቀላል ባቡር ፌርማታ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ያ ባቡር ፒያሳ ላይ ምኒልክ አደባባይን ከለገሃር ጋር በሐዲድ አገናኘ። የበቅሎው ዳገት በመጨረሻ ሐዲድ አገኘ፤ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ግን አልነበረበትም።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የአቡዳቢው ኢግል ሂልስ በለገሃር 36 ሄክታር መሬት ላይ የሚያለማው ትልቅ የግንባታ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። አሮጌው ጣቢያ እንደ ቅርስ እንደሚጠበቅ ያኔውኑ ተነገረ። ጥሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ላይ፣ ፒያሳ፣ በየካቲት የአድዋ ድል መታሰቢያ ተከፈተ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ደርሶ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ፈረሱ። በመቶ ዓመት ውስጥ ከሐዲዱ በወጣ ቆርቆሮና ብረት የተሠራ ሰፈር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሜዳ ሆነ።

እኔ ሁሉም አሮጌ ቤት ይቁም የምል ሰው አይደለሁም። መጸዳጃ የሌለው፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው «ቅርስ ነህ፣ ዝም ብለህ ኑር» ማለት ግፍ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ለገሃር ላይ ሕንጻው ይኖራል፣ ሰዉ ግን ይበተናል። ፒያሳ ላይ ሕንጻውም ሰዉም ሄደ። ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዘው ታሪክ ደግሞ በሕንጻ ውስጥ አልነበረም። በሸከሙት፣ በነዱት፣ በሸጡት ሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው። ሠራተኛው፣ ፈታሹ፣ ሰልባጅ ሻጯ በየኮንዶሚኒየሙ ተበታትነው አንድ ቀን ዝም ካሉ፣ ቀለም የተቀባ ባዶ ጣቢያ ብቻ ይቀረናል። ፎቶ መነሻ ጥሩ ይሆናል፤ ምን እንደነበረ ግን የሚነግረን አይኖርም።

ድሬዳዋ በዚህ ትሻላለች። የቀድሞው የባቡር ጥገና ግቢ እስከነመሣሪያው አለ፣ የሚጎበኝ ሰው ገብቶ ያያል፤ እዚያ የሠሩ ሰዎች ግቢውን ያውቁታል፣ ይተርኩታል። ለገሃር ላይ ይህን ማድረግ ምን ይከለክላል? ሕንጻው ከተጠበቀ ውስጡ ይከፈት። ፉርጎዎቹ ይቁሙበት፣ ወረቀቶቹ ይደርደሩበት፣ ሽማግሌዎቹ ተጋብዘው ይናገሩበት። ይህ የመንግሥትና የባለሀብቱ ሥራ ነው፤ ጠይቁ፣ ወትውቱ።

አንዱ ሥራ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከናንተ ውስጥ አያቱ ወይም አባቱ ምድር ባቡር የሠራ፣ አያቷ ድሬዳዋ ተመላልሳ ያሳደገቻት፣ ቤተሰቡ ፒያሳ ሱቅ የነበረው ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የሁላችንም ስልክ ድምፅ ይቀዳል። ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ቁጭ በሉና ጠይቋቸው። ባቡሩ ስንት ሰዓት ይነሳ ነበር? አዋሽ ላይ ምን ይበላ ነበር? ፈታሹ ማን ነበር፣ እንዴት ታመልጡት ነበር? መልሱን ቅዱት፣ ቀኑንና ስማቸውን ጻፉበት፣ አስቀምጡት። እነሱ ካለፉ በኋላ ይህን የሚያስታውስ ሌላ ሰው አናገኝም።